ሚያዝያ 27፦ ጭቃ የወሰነው ቀን፣ ሰው የመረጠው ቀን

(አራት ኪሎ አካባቢ ለተሰበሰቡ ወጣት አንባቢዎች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ? በዚህ ዝናብ፣ በዚህ የታክሲ ሰልፍ መምጣታችሁ ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የምናወራው ስለ አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ስለ ሚያዝያ 27። ከዚህ ወጥታችሁ ጥቂት ብትራመዱ፣ አራት ኪሎ መሐል ላይ የምታገኙት የድል ሐውልት የዚህ ቀን ሐውልት ነው። አደባባዩም በስሙ ሚያዝያ 27 አደባባይ ይባላል። በየዓመቱ አባት አርበኞች ጎፈራቸውን ደፍተው፣ ኒሻናቸውን ደርድረው፣ ጋሻና ጦራቸውን ይዘው እዚያ ይሰበሰባሉ። አበባ ይቀመጣል፤ ይፎከራል፤ ይሸለላል። ከዚያ መንገዱ ይከፈትና ሰው ወደ ጉዳዩ ይሄዳል።

«በታሪክ ዛሬ» የሚሉ የሬዲዮና የማኅበራዊ ሚዲያ ዝግጅቶችን ሁላችንም እናውቃለን። በዛሬው ዕለት እገሌ ተወለደ፣ እገሌ ሞተ፣ እንዲህ ያለ ጦርነት ተጀመረ። እኔ በጣም ነው የምወዳቸው። ጠዋት ጠዋት ሳልሰማ አልወጣም። ግን አንድ የሚጎድላቸው ነገር አለ። ቀኑ እንዴት እንደመጣ አይነግሩንም። አንዳንዱ ቀን እንዲሁ ይመጣል። ዝናብ ያዘገየዋል፣ መንገድ ያበላሸዋል፣ የሆነ ቀን ላይ ያርፋል። ሌላው ቀን ግን ሰው ቁጭ ብሎ የመረጠው ነው። ሚያዝያ 27ን የወሰድኩት ሁለቱንም ዓይነት አንድ ላይ ስለያዘ ነው። ስለዚህ ቀኑን እየዞርን እንየው።

መጀመሪያ 1928ን እንውሰድ። ማይጨው ላይ ጦራችን ከተሸነፈ አንድ ወር አልፏል። ጃንሆይ ሚያዝያ 24 በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄደዋል። ከተማዋ ጠባቂ የላትም። ሦስት ቀን ሙሉ ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ። ዛሬ ፒያሳ የምንለው የንግድ ሠፈር ክፉኛ ተጎዳ። የውጭ ዜጎች ወደ ኤምባሲዎቹ ግቢ ሸሹ። የአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከሁለት ወገን ስጋት መሐል ነበር። አንዱ ስጋት ከጎረቤት የሚመጣው ዘራፊ ነው። ሌላው ከደሴ መንገድ የሚመጣው ጠላት።

የኢጣልያ ጦር አዛዥ ማርሻል ባዶልዮ ከደሴ የተነሳው ሚያዝያ 18 ነው። ከ1,700 በላይ መኪና አሰልፎ ነበር። ጉዞውን «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። ጋዜጠኛም ፎቶ አንሺም አብሮ ነበር። ከደሴ አዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ያን ጊዜ ግን መንገዱ መንገድ ለመባል እንኳን አይበቃም። በዚያ ላይ ዝናብ ነበር። ካሚዮኖቹ ጭቃ ውስጥ ይገቡና ወታደሮቹ ወርደው በትከሻ ይገፏቸዋል። ጣርማ በርን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከደብረ ሲና ወደ ላይ ስትወጡ በክረምት ደመናው መኪናው ውስጥ የሚገባ ይመስላል። እዚያ ላይ መንገዱ ተበላሽቶ ያ ሁሉ ሰልፍ ቆመ። በእግራቸው የሚጓዙት የኤርትራ አስካሪዎች፣ ለኢጣልያ የተቀጠሩ ወታደሮች፣ ከመኪናዎቹ ቀድመው አዲስ አበባ አፋፍ ደረሱ። ግን እንዳይገቡ ተደረገ። መጀመሪያ መግባት ያለበት ማርሻሉ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ባዶልዮ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት፣ ደብረ ብርሃን አጠገብ ጫጫ ላይ፣ ኃይለ ማርያም ማሞ የሚመራቸው የሸዋ ሰዎች ሰልፉን አድፍጠው መቱት። በማግስቱ ነው ባዶልዮ አዲስ አበባ የገባው። ስለዚህ የአርበኝነቱን ዘመን ከሚያዝያ 27 በኋላ እንደመጣ አድርገን ስንቆጥር እንሳሳታለን። ጠላት ከተማዋ ሳይገባ ትግሉ ተጀምሯል። እኔ ይህን የምደጋግመው ኃይለ ማርያም ማሞን የሚያስታውስ ሰው እየጠፋ ስለሆነ ነው።

ማክሰኞ ሚያዝያ 27፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ባዶልዮ ገባ። ወዲያው ለሮማ በቴሌግራም አሳወቀ። ሙሶሊኒ ያን ምሽት ከሰገነቱ ወጥቶ ለሕዝቡ ተናገረ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1፣ የኢጣልያን ንጉሥ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ነው ብሎ አወጀ። እኛ ዘንድ ግንቦት 1 ልደታ ናት። እነሱ ግን ከዚያ ጀምሮ ዕለቱን የግዛታቸው በዓል አደረጉት።

እንግዲህ ይሄኛውን ሚያዝያ 27 የመረጠው ማንም የለም። ዝናቡ ባይዘንብ ወይም ጣርማ በር ላይ መንገዱ ባይበላሽ ምናልባት 24 ወይም 25 ይሆን ነበር። ቀኑን የወሰነው ጭቃው ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ፋሺስቶቹ ቀን መምረጥ ጀመሩ። በዚህ በኩል ጎበዞች ነበሩ። ዓመታቸውን ራሱ ከክርስቶስ ልደት በተጨማሪ ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከ1915 ጀምረው ይቆጥሩት ነበር። ይህን በዓይናችሁ ማየት ትችላላችሁ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ግቡ። ድሮ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ እየተጠማዘዘ ወደ ላይ የሚወጣ የድንጋይ ደረጃ አለ። የትም አያደርስም። ቤትም ሰገነትም የለውም። ወደ ላይ ይወጣና ያልቃል። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ የፋሺስት ዓመት ነው። አገሩን ሲይዙ ዘመናቸውን በድንጋይ ጻፉት። ነጻነት ሲመለስ ሐበሻ ደረጃውን አላፈረሰውም። ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጠበት። በዚህ ከተማ ካሉት የታሪክ ምልክቶች ሁሉ እኔን እንደዚህ የሚነካኝ የለም። ተማሪ እያለን ጥላ ፍለጋ እንቀመጥበት ነበር። ሄዳችሁ ቆማችሁ እዩት። አንበሳው ትንሽ ናት፤ ከሩቅ ላትታያችሁ ትችላለች። ቀረብ በሉ።

የአክሱም ሐውልትም እንዲሁ ነው። ከአክሱም አንስተው ሮማ ያቆሙት ሙሶሊኒ ሮማ የገባበትን 15ኛ ዓመት ለማክበር ነበር። ለዚህ ነው ቀኑን እንደ ፈረንጆቹ ኦክቶበር 28 ላይ ያደረጉት። ሐውልቱ አገሩ የተመለሰው በ1997 ነው።

የካቲት 12 ቀን 1929ንም ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ያን ዕለት የኢጣልያው ገዢ ግራዚያኒ ድሆችን ገነተ ልዑል ግቢ የሰበሰበው የኔፕልስ ልዑል መወለዱን ለማክበር ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ነው። በዓል ፈጠረና ሰው ጠራ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በዚያ በዓል መሐል ቦምባቸውን ወረወሩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን የሆነውን የስድስት ኪሎው ሐውልት ላይ የተቀረጸው ምስል ይነግራችኋል። ኢትዮጵያ ከጦርነቱ በኋላ ባቀረበችው ቁጥር 30,000 ሰው ነው የተጨፈጨፈው። ግራዚያኒ ለልዑሉ ልደት የመረጠው ቀን ዛሬ የሰማዕታት ቀን ነው። ልዑሉን የሚያስታውስ የለም።

አሁን ወደ 1933 እንምጣ። እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ጃንሆይ ሚያዝያ 27 ገቡ፣ አገር ነጻ ወጣ» የሚለውን ነው። ታሪኩ ግን ከዚያ ይሰፋል።

ጃንሆይ ከሱዳን ተነስተው ድንበሩን ተሻግረው ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ የሰቀሉት ጥር 12 ነው፣ የቃና ዘገሊላ ዕለት። ከዚያ በጎጃም በኩል መጡ። አብረዋቸው የእንግሊዙ መኮንን ዊንጌት ነበረ፤ ትምህርት ቤት በስሙ የተሰየመለት። መንገዱን የከፈቱላቸው ግን አምስት ዓመት ሙሉ በጎጃም ጠላትን ከምሽጉ እንዳይወጣ ያደረጉት አርበኞች ናቸው። በላይ ዘለቀን ብቻ መጥራት ይበቃል። በሌላ በኩል ጄኔራል ካኒንግሃም ከኬንያ ተነስቶ በሶማሊያና በሐረር በኩል እየገሰገሰ ነበር። ጦሩ ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ በሁለት ወር ገደማ ጨረሰ።

እሑድ መጋቢት 28 ቀን 1933 አዲስ አበባ እጇን ሰጠች። የገባው የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር ነው። በዚያው ዕለት፣ አስቡት፣ በዚያው ዕለት ጃንሆይ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ዋና ከተማቸው ነጻ በወጣችበት ቀን እሳቸው 300 ኪሎ ሜትር ርቀው ጎጃም ነበሩ።

ዓለም ግን ያን እሑድ ዓይኑ ሌላ ቦታ ነበር። በዚያው ዕለት ሂትለር ዩጎዝላቪያንና ግሪክን ወረረ። ቤልግሬድ በአውሮፕላን ተደበደበች። ስለዚህ በጦርነቱ ከአክሲስ፣ ማለትም ከጀርመንና ከኢጣልያ ጎራ፣ እጅ ነጻ የወጣችው የመጀመሪያዋ ዋና ከተማ ዜና በሌላ ዜና ተዋጠ። እዚህ ጋ አንድ ነገር ላያይዝ። ስድስት ኪሎ ያለውን የየካቲት 12 ሐውልት ምስል የቀረጹት ዩጎዝላቪያውያን ናቸው፣ አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ ሁለት ቀራጺዎች። ሐውልቱን ስታዩ ልብ በሉ። የቀራጺዎቹ አገር የተወረረችው አዲስ አበባ ነጻ በወጣችበት ዕለት ነው። ጥቃትን ከወሬ አልሰሙም። ሐዘኑን እንደዚያ ያወጡት ለዚህ ይመስለኛል።

ከመጋቢት 28 እስከ ሚያዝያ 27 ያሉት 29 ቀናት ናቸው። ንጉሡ ለምን አልገቡም? እንግሊዞች አላስገቧቸውም። ካኒንግሃም ያቀረበው ምክንያት አዲስ አበባ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ኢጣልያውያን ሲቪሎች አሉ፣ ንጉሡ ሲገቡ ሕዝቡ ሊበቀል ይችላል የሚል ነው። ስጋቱ ሐሰት አልነበረም። የካቲት 12ን ያየ ከተማ ነው። ግን ሌላም ነገር ነበር። እንግሊዞች ኢትዮጵያን ከጠላት እጅ እንደተወሰደ ግዛት ነበር የሚያዩት። አስተዳደሩን ራሳቸው ይዘዋል። ንጉሡ ቶሎ ከገቡ ጥያቄው «አገሩ የማን ነው?» ይሆናል።

እንግዲህ ሚያዝያ 27 የሚመረጠው በዚህ መሐል ነው። መግባት አልቀረም። መቼ የሚለው ነው የቀረው። አምስተኛው ዓመት ልክ በሚሞላበት ቀን ተደረገ። ሰኞ ነበር። ወሩ በገባ በ27 መድኃኔዓለም ነው፤ ለአዲስ አበባ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀኑን እናቶቻችን ለልጆቻቸው ሲነግሩ «የመድኃኔዓለም ለት» ይሉ የነበረው ለዚህ ነው። አምስት ዓመት ሙሉ ጠላት የገባበት ዕለት ሲባል የኖረው ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ሌላ ቀን ሆነ።

ንጉሡ የመጡት በእንጦጦ በኩል ነው። እንጦጦ ማርያም ቆመው ጸለዩ። ከዚያ ወደ ከተማዋ ወረዱ። መንገዱን ይዘው የተሰለፉት የራስ አበበ አረጋይ አርበኞች ነበሩ። አምስት ዓመት በሸዋ ቆላና ደጋ ያሳለፉ ሰዎች ናቸው። ፀጉራቸው ጎፍሮ ትከሻቸው ደርሷል። ልብሳቸው የተቀዳደደ ነው፣ ጠመንጃቸው ከጠላት የተማረከ። የዚያን ቀን ፎቶግራፎች ስታዩ ዓይናችሁን ከንጉሡ መኪና ላይ አንሱና ከመንገዱ ዳር ያሉትን ሰዎች ተመልከቱ። በዓሉ የእነሱ ነው።

ቤተ መንግሥት ደርሰው ሰንደቅ ዓላማው ከተሰቀለ በኋላ ንጉሡ ንግግር አደረጉ። የንግግሩ ፍሬ ነገር ክፉን በክፉ አትመልሱ የሚል ነበር። ለበቀል እጃችሁን አታንሱ አሉ። ካኒንግሃም የፈራው ጭፍጨፋ አልመጣም። እኔ የዚህች ከተማ ሰው በመሆኔ ከሚያኮሩኝ ነገሮች አንዱ ይሄ ነው። አራት ዓመት አልፏል እንጂ የካቲት 12ን ማንም አልረሳም። ወንድሙ የተገደለበት፣ ቤቷ ከነልጆቿ የተቃጠለባት ሰው በዚያ ሕዝብ ውስጥ ነበር። ኢጣልያዊው ግን ሱቁን ዘግቶ ተቀምጦ በሕይወት ተርፏል። ብዙዎቹ ከዚያ በኋላም እዚሁ ኖረው፣ መካኒክና ግንበኛ ሆነው፣ እዚሁ አርጅተዋል።

ንጉሡ ደግሞ ከስድስት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 3፣ ሚኒስትሮቻቸውን ሾሙ። እንግሊዞች ተቆጡ። ማን ፈቀደልህ ዓይነት ነገር ነበር። ነገሩ በስምምነት የተቋጨው በጥር 1934 ነው። ይህን የምነግራችሁ ቀኑን መምረጥ ምን ማለት እንደነበረ እንዲታያችሁ ነው። በአምስተኛው ዓመት በዚያው ቀን ሲገቡ ለሙሶሊኒ ብቻ አልነበረም መልሱ። አገሩን የያዘው እንግሊዝም ሰምቶታል።

በደርግ ዘመን በዓሉ ተዛወረ። የድል ቀን መጋቢት 28 ተባለ። ሚያዝያ 27 የንጉሡ ቀን ነው ተብሎ ታሰበ። ንጉሡን ከታሪክ ማውጣት ከተፈለገ ቀኑን ማውጣት ነበረበት። ከ1983 በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። እንግዲህ አንድ በዓል በአንድ ሰው ዕድሜ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረ። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ ቤተሰቦቻችሁን ጠይቁ፤ በትምህርት ቤት ለየትኛው ቀን እንደተሰለፉ ይነግሯችኋል።

እዚህ ላይ የሚገርም ነገር አለ። ሚያዝያ 27ን የሻረው ያው መንግሥት ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ የካርል ማርክስን ሐውልት አቆመ። ካርል ማርክስ የተወለደው መቼ ነው? በፈረንጆቹ ሜይ 5 ቀን 1818። ሜይ 5 ደግሞ ሚያዝያ 27 ነው። ይህን ወሬ ሰምታችሁት ይሆናል፤ ሲነገር ደስ ይላል። ግን ትክክል አይደለም፣ ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ፈረንጆች በየአራት ዓመቱ ፌብሩዋሪ ላይ አንድ ቀን ይጨምራሉ። እኛም ጳጉሜን 6 እናደርጋለን። እነሱ ግን ለ100 የሚካፈል ዓመት ሲሆን፣ ለ400 ካልተካፈለ በስተቀር፣ አይጨምሩም። በእነሱ 1900 አልጨመሩም። እኛ አንዘልም። ስለዚህ በዚያ ዓመት በሁለቱ ካላንደሮች መሐል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። ከ1900 በፊት ባሉት መቶ ዓመታት ሜይ 5 ሚያዝያ 28 ነበር እንጂ 27 አልነበረም። ካርል ማርክስ በእኛ አቆጣጠር የተወለደው ሚያዝያ 28 ቀን 1810 ነው። ናፖሊዮን በግዞት ቅድስት ሄሌና ደሴት ላይ የሞተውም ሜይ 5 ነው፣ በ1821። እሱም በእኛ ሚያዝያ 28 ቀን 1813 ይሆናል።

ይህ ተራ የቁጥር ጨዋታ አይምሰላችሁ። የዓድዋን ጥያቄ የሚፈታው ይሄው ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ ሁሉ ዓድዋ ማርች 1 ቀን 1896 ነው ይላል። እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። ማን ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። ጦርነቱ የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፣ የጊዮርጊስ ዕለት። ያን ዓመት የካቲት 23 ማርች 1 ላይ ነበር የዋለው። ከ1900 ወዲህ ማርች 2 ላይ ይውላል። እኛ በራሳችን ቁጥር ስለምንሄድ ቀናችን አልተነቃነቀም። ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ በየዓመቱ በዚህ ሲጨቃጨቁ ሳይ አዝናለሁ። አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ስሌት ነው።

ሜክሲኮን ሳላነሳ ባልፍ ጥሩ አይሆንም። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ የማይቀይር አዲስ አበቤ የለም። ስሙ ግን ለምን እንደሆነ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ሜክሲኮ የኢጣልያን ወረራ እውቅና ካልሰጡት ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተናግራለች። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ በኢትዮጵያ ስም የሚጠራ አደባባይ አላቸው። የሜክሲኮ ትልቅ የድል ቀን ደግሞ ሜይ 5 ነው። በ1862 ፑዌብላ በምትባል ከተማ፣ በጄኔራል ሳራጎሳ መሪነት፣ ከባሕር ማዶ የመጣውን የፈረንሳይ ጦር ያሸነፉበት። በእኛ ስሌት ሚያዝያ 28 ቀን 1854 ነው፣ አሁን እንዳስላነው። ዛሬ ግን ሁለቱ በዓላት አንድ ቀን ላይ ይውላሉ። አራት ኪሎ አበባ ሲቀመጥ እዚያም ሰልፍ አለ። እኔ በአውሮፓ ጦር የተወረሩ ሁለት አገሮች ሳይመካከሩ በአንድ ቀን ድላቸውን ማክበራቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። በዚያ ላይ አንዷ ለሌላዋ በክፉ ቀን ቆማለች። ኔዘርላንድም የነጻነት ቀኗ ሜይ 5 ነው፤ ከአምስት ዓመት የናዚ ወረራ በኋላ፣ በእኛ 1937።

ከጥያቄዎቹ ውስጥ አንዱን እዚህ ላስገባ። አንዲት ወጣት ፊት ለፊት ጠየቀችኝ፦ «ታዲያ ትክክለኛው የድል ቀን የቱ ነው? ከተማዋ ነጻ የወጣችው መጋቢት 28 ከሆነ ደርግ ልክ አልነበረም ወይ?»

ጥያቄው ቀላል አይደለም። በደረቁ ካየነው የጠላት ባንዲራ ከአዲስ አበባ የወረደው በመጋቢት 28 ሰሞን ነው። ግን ያን ቀን ከተማዋ የገባው ማን ነው? የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ ጦር። በዓላችንን እዚያ ላይ ካደረግነው የራሳችንን ነጻነት በሌላ ሰው መግቢያ እናከብራለን። ሚያዝያ 27 ላይ ግን አርበኞቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ቆመዋል። ከሁለቱ እኔ ሚያዝያ 27ን እመርጣለሁ፤ ለንጉሡ ብዬ አይደለም። እንጦጦ ቁልቁል ለተሰለፉት ሰዎች ብዬ ነው። ሸዋረገድ ገድሌን፣ ከበደች ሥዩምን፣ ገረሱ ዱኪን፣ ጃገማ ኬሎን ብዬ ነው። ደርግ ንጉሡን ሊያወጣ ሲል አርበኞቹን አብሮ አወጣ። አሁን የበዓሉ ስም የአርበኞች ቀን መባሉ ትክክል ይመስለኛል።

ግን እህቴ የጠየቀችው ሌላም ነገር ያስነሳል። ሚያዝያ 27ም ቢሆን ጦርነቱ ያለቀበት ቀን አይደለም። የኢጣልያ ጠቅላይ ገዢ የነበረው የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ እጁን የሰጠው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ጎንደር ደግሞ እስከ ኅዳር በኢጣልያዊው ጄኔራል ናሲ እጅ ነበረች። አዲስ አበባ ላይ ሰው እልል ብሎ ቤቱ ሲገባ፣ ጎንደር ዙሪያ ያለው አርበኛ ገና ሰባት ወር የሚጠጋ ውጊያ ይጠብቀው ነበር። ቁልቋል በር ላይ ብዙ ሰው ወደቀ። ጎንደር ነጻ የወጣችው ኅዳር 18 ቀን 1934 ነው። የመጨረሻው የኢጣልያ ምሽግ በዚያ ቀን ወደቀ። ካላንደራችን ላይ ግን ኅዳር 18 ተራ ቀን ነው።

በሚቀጥለው ስንገናኝ እሱን እንይዛለን። ጎንደር ቤተሰብ ያለው፣ ወይም አያቱ ቁልቋል በር የነበሩ ሰው ካለ፣ የሰማውን ጽፎ ይምጣ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር ጻፉት፣ የማን ቀን እንደነበረም ጭምር፤ ሚካኤል ይሁን ኪዳነ ምሕረት። አያቶቻችን የሚያስታውሱት እንደዚያ ነው፣ እኛም ከእነሱ ቃል ላይ ቀኑን ማግኘት የምንችለው በዚያ ነው።